ስለ ተሰበረው ብሎን
በደብረ ማርቆስ ለሙያ ተማሪዎችና ለጋራዥ ባለሙያዎች የተነገረ ዲስኩር

እናንተ በግራሶ የጠቆረ እጃችሁን ታጥባችሁ ከየጋራዡና ከየሙያ ትምህርት ቤቱ ወደዚህ አዳራሽ የመጣችሁ ወጣቶች፤

ከእኔ በፊት በዚህ ሥፍራ የቆሙ መምህራን እንደ ልማዳቸው ስለ ሀገር ታሪክ፣ ስለ ቅኔ ምሥጢር፣ ወይም ከጮቄ ተራራ ስለሚወርዱት ወንዞች ብዛት ተናግረው ደስ አሰኝተዋችኋል፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ከሞርሳና ከመዶሻ ጋር የፈጀሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ስለማላውቀው ታላቅ ነገር በድፍረት ከምናገር ስለማውቀው ታናሽ ነገር በጥንቃቄ ብናገር ይሻለኛል ብዬ፣ ዛሬ የማነሣው ነገር ርዝመቱ ከትንሿ ጣታችን የማይበልጥ፣ ራሱ ተቀንጥሶ ወገቡ በአሉሚንየም ውስጥ ተቀብሮ የቀረ አንድ ብሎን ነው። ምስክር ይሆነኝ ዘንድም ከጨሞጋ ወንዝ ዳር ድንችና ሽንኩርት ከሚያጠጣ አንድ ገበሬ የተቀበልሁትን የውሃ መሳቢያ ሞተር አካል እነሆ በጠረጴዛው ላይ አኑሬዋለሁ፤ ከአራቱ ብሎኖቹ ሦስቱ በሰላም ወጥተዋል፣ አራተኛው ግን ራሱን ሰጥቶ ሥሩን ነሥቶናል፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ነጭ ጋዝ ሲጠጣ ሰንብቷልና ወደ እርሱ ኋላ እንመለሳለን።

ነገሩን በልቤ ያነሣሣው ግን ይህ የጨሞጋ ሞተር አልነበረም። የእኅቴ ልጅ በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ፣ በውሃ ላይ የሚጋለበውን ሞተርሳይክል ከሚጠግን ቤት ተቀጥሮ ይኖራል፤ አንድ ሌሊት ዶሮ ሳይጮኽ ስልክ ደወለና፣ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ስልክ መርዶ እንጂ ሌላ እንደማይሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁና፣ ልቤ ተሰብሮ ባነሣው፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ፤ ብሎን ሰብሬ ነው» አለኝ። ጥቂት ተቆጣሁ፤ ጥቂትም እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ከዚያ በኋላ፣ «ከምን ውስጥ ነው የተሰበረው?» ብለው «ከአሉሚንየም» አለ፤ «ብሎኑስ?» ብለው «እስቴንለስ» አለ፤ «ውሃውስ?» ብለው «የባሕር ጨው ውሃ ነው፣ ጋሼ» ሲል፣ «እንግዲያውስ ሦስቱም ተሟልተዋል፤ መጀመሪያ ቁልፉን ከእጅህ አስቀምጥ፣ ከዚያ እናወራለን» አልሁት።

እዚህ መካከል ይህን የውሃ ሞተርሳይክል ያላያችሁ ብዙዎች ስለምትኖሩ በአጭሩ ልግለጸው። ጋላቢው እንደ በቅሎ ተፈናጥጦ ይቀመጥበታል፤ በውጭ የሚዞር መቅዘፊያ የለውም፤ ነገር ግን በሆዱ ሥር ያለው ፖምፕ ውሃውን ከታች ስቦ ወደ ኋላ በኃይል ሲወረውረው፣ እርሱ ወደ ፊት ይፈተለካል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጃፓኑ ካዋሳኪ ለገበያ ያወጣውና ስሙ በዓለም የተሰማው ዓይነት፣ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ የሞተርሳይክል ተወዳዳሪ በምድር ላይ ወድቆ ከመቆሳሰል በውሃ ላይ መውደቅ ይሻላል ብሎ ካሰበው ሐሳብ የተወለደ ነው ይባላል። ለእኛ ነገር የሚያስፈልገን ግን ይህ ብቻ ነው፤ የሞተሩ አካልና የፖምፑ ቤት ቀላል እንዲሆን ከአሉሚንየም ይሠራል፤ ጽኑ መያዣ እንዲኖረው ደግሞ በብረት ብሎን ይታሰራል፤ ሁለቱም ዕለት ዕለት በውሃ ይነከራሉ። በጨሞጋ ዳር ያለው የውሃ መሳቢያም፣ ከባሕር ዳር ተነሥታ ወደ ዘጌና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ምዕመናንን የምታመላልሰው የሞተር ጀልባም፣ በዚህ ከተማ በክረምቱ ጭቃ የሚዋኘው ባጃጅም የዚህ አንድ ቤተ ሰብ ናቸው።

በጣና ላይ የሚቀዝፉ አባቶቻችን ከደንገል የሚያስሯት ታንኳ አንድም ብሎን የለባትም፤ ደንገሉ በገመድ ተጠፍሮ፣ ውሃ ሲጠጣ እየከበደ፣ ፀሓይ ሲያገኝ እየቀለለ ዘመኑን ይጨርስና በሌላ ይተካል፤ ሁሉ ነገርዋ ከአንድ ባሕርይ ስለ ሆነ አንዱ ክፍል ሌላውን አይበላም። የሞተር ጀልባን ከታንኳ የሚያስበልጠው ፍጥነቱ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ባሕርያቸው የተለያየ ማዕድኖችን አጋብተን ወደ ውሃ ባስገባናቸው ቀን፣ ታንኳዋ የማታውቀውን ደዌ እንደ ገዛን ማወቅ ይገባናል።

ደዌው እንዲህ ነው። ሁለት ዓይነት ማዕድኖች ተነካክተው በመካከላቸው እርጥበት በገባ ጊዜ፣ ከሁለቱ አንደኛው ለሁለተኛው እየተበላ ይሟሟል። ጋልቫኒ የሚባል የኢጣልያ ሐኪም የሞተች እንቁራሪት እግር በሁለት ዓይነት ማዕድን ሲነካ ሲንፈራገጥ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1791 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ይህ ከእንስሳው ሥጋ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ነው ብሎ አስተማረ፤ የሀገሩ ልጅ ቮልታ ግን ምንጩ ሥጋው ሳይሆን የማዕድኖቹ መለያየት ነው ብሎ ተከራክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1800 የሁለት ዓይነት ማዕድን ዝርግ ቁራጮችን በመካከላቸው በጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ እያስገባ ቢደራርብ የመጀመሪያው ባትሪ ሆነለት። እንግዲህ በአሉሚንየም ውስጥ የገባ የብረት ብሎን ውሃ በነካው ጊዜ፣ ማንም ያላዘዘው፣ አምፖል የማያበራ፣ ቀንና ሌሊት ግን የማያርፍ አንድ ታናሽ ባትሪ ሆነ ማለት ነው። የሚበላው አሉሚንየሙ ነው። ውሃው ጨዋማ ሲሆን ሥራው ይፈጥናል፤ እንደ ጣና ወይም እንደ ጨሞጋ የጣፈጠ ሲሆን ይዘገያል፤ አይቀርም እንጂ ይዘገያል። ብሎኑም ከተራው ብረት ይልቅ እስቴንለስ ቢሆን፣ እስቴንለስ በባሕርዩ ከአሉሚንየም ይበልጥ የራቀ ነውና ጠቡ ይጸናል፤ ስለዚህ የማይዝግ ብሎን አስገባሁ ብሎ የሚመካ መካኒክ፣ ብሎኑን ከዝገት ቢያድነውም ጉድጓዱን ለደዌ አሳልፎ መስጠቱን አይርሳ።

አሉሚንየም ራሱ ምሥጢረኛ ማዕድን ነው። አየር በነካው ጊዜ ፈጥኖ ይበላል፤ ነገር ግን ያ የተበላው ገጹ ዐይን የማያየው ስስ መጋረጃ ሆኖ ስለሚሸፍነው፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለው በሰላም ይኖራል፤ ቢቧጠጥም መጋረጃው ወዲያው ይታደሳል። በቤታችን ያለው የአሉሚንየም ድስት ዓመት እስከ ዓመት ውሃ ሲፈላበት ኖሮ የማይቀደደው ስለዚህ ነው። በብሎን ጥርስና በጉድጓዱ ጥርስ መካከል ግን አየር እንደ ልብ አይገባም፤ የገባው ውሃም አይወጣም፤ መጋረጃው ሲቀደድ የሚሰፋው የለም። በዚያ ጨለማ የሚበላው አሉሚንየም እንደ ብረት ዝገት ቀይ ሳይሆን ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱም ከተበላው ማዕድን ይልቅ ሰፊ ቦታ የሚፈልግ ስለ ሆነ፣ ቦታ ባጣ ጊዜ በጥርስና በጥርስ መካከል ተጠቅጥቆ እንደ ሽብልቅ ይወጥረዋል። መካኒኮች «ብሎኑ ነከሰ» የሚሉት ይህንን ነው፤ አነጋገሩም ትክክል ነው፣ ጥርስ አለውና።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ስለ ተዋሕዶ ሲያስረዱ፣ እሳቱ ከብረቱ ብረቱም ከእሳቱ ያለ መለወጥ የሚኖሩበትን የጋለውን ብረት ምሳሌ ያመጣሉ፤ ምሳሌው ከፍ ያለ ስለ ሆነ ወደ ጋራዥ አላወርደውም። ነገር ግን ከእነርሱ አንድ ቃል ልዋስና፣ ጤነኛ ብሎን ከጉድጓዱ ጋር እያንዳንዱ በየባሕርዩ ጸንቶ የሚኖር ነው፤ የነከሰ ብሎን ግን መቀላቀል የገባበት ነው እላለሁ። መካኒኩ የሚዋጋው ከብረቱ ጥንካሬ ጋር ሳይሆን ከዚህ መቀላቀል ጋር ነው።

ከዚሁ ሳልወጣ፣ ቤዛ ስለሚሆነው ማዕድን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1824 የእንግሊዙ ሊቅ ዴቪ፣ የጦር መርከቦች ሆዳቸው የተለበጠበትን መዳብ የባሕሩ ውሃ እየበላ ቢያስቸግር፣ ጥቂት የዚንክ ወይም የብረት ቁራጭ ከመዳቡ ጋር ቢያስነኩት ያ ቁራጭ በመዳቡ ፈንታ እንደሚበላ፣ መዳቡም እንደሚድን አሳየ። ትምህርቱ እውነት ሆነ፤ ውጤቱ ግን አስቸገረ፤ እየሟሟ የባሕሩን ተለጣፊ ፍጥረት በመርዙ ያርቅ የነበረው መዳብ መሟሟቱን በተወ ጊዜ፣ ዛጎሉና አረሙ ተለጥፎበት መርከቡን አዘገየው። ሊቃውንት አንዱን በር ሲዘጉ ሌላው እንደሚከፈት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዛሬ ግን በጀልባ ሞተር ላይ ይህ ቤዛ የሆነ ቁራጭ ይታሰራል፤ በጨው ውሃ ዚንክ፣ በጣፋጭ ውሃ ማግኒዝየም የተሻለ ነው። ተበልቶ ሲያልቅ ይለወጣል፤ ሥራውም መበላት ነው። እኔ በዐይኔ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ሞተሩን ሲያሳምሩ ይህንን ቁራጭ ጭምር ቀለም የሚቀቡ ሰዎችን ነው፤ ቤዛውን ቀለም መቀባት ማለት በግ አርዶ ሥጋውን እንደ መቅበር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ብሎን ለምን ይሰበራል? ብዙ ሰው ስለ ዛገ ነው ይላል። እኔ ግን በአርባ ዓመት ሥራዬ የተረዳሁት፣ ዝገት ብሎንን ይይዘዋል እንጂ አይሰብረውም፤ የሚሰብረው ጊዜ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ክንድ ሊሠራው ሲነሣ ነው። እስቲ በቁጥር እንየው። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን በደንቡ የሚጠብቀው፣ አንድ ሜትር በሆነ እጀታ ጫፍ ላይ 2 ኪሎ ተኩል ያህል ክብደት ቢንጠለጠል በሚሰጠው ኃይል ነው፤ 6 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ በ1 ኪሎ ብቻ። አንድ ጎልማሳ ግን በቁልፉ ጅራት ላይ ቱቦ ሰክቶ እጀታውን ወደ ግማሽ ሜትር አስረዝሞ በ40 ኪሎ ኃይል ቢጫነው፣ ለዚያው ለ8 ሚሊ ሜትሩ ብሎን ከደንቡ ስምንት እጥፍ ሰጠው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የብሎኑ አንገት እንደ ገመድ ይጠመዘዛል፣ ለአንድ አፍታ የተፈታ መስሎ ልስልስ ይላል፣ መካኒኩም «መጣልኝ!» ይላል፤ ያ ልስላሴ የሞቱ ጣር ነው። ቱቦ የሚባለውን ነገር ከጋራዥ ሁሉ በአዋጅ ባስወጣው ደስ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ዘይትና ጊዜ ነው። በዙሪያው ያለው ነጭ ዱቄት በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፤ የብሎኑ ራስ በትንሽ መዶሻ በልኩ ኳ ኳ ይደረጋል፣ ለመስበር ሳይሆን ዱቄቱን ለማንቃት፤ ከዚያ ስስ ዘይት ይንጠባጠብበታል። በጣሳ የሚሸጠው የሚረጨው ዘይት መልካም ነው፤ በታጣ ጊዜ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍታ ሥራውን ይሠራል፣ ወፍራም የሞተር ዘይት ግን ወደ ጠባቡ ስንጥቅ አይገባምና አይጠቅምም። ማታ አንድ ጊዜ፣ ጧት አንድ ጊዜ፣ ሦስት ቀን። ባለ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ዕለቱን ሥራ መግባት እንዳለበት፣ ልጆቹም እንደሚጠብቁት እየነገራችሁ ሦስት ቀን መጠበቅ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ብሎኑ ተሰብሮ አካሉ የተበላሸበት ባለ ባጃጅ የሚያጣው ሦስት ቀን ሳይሆን ሦስት ሳምንት ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት እሳት ነው፤ ዛሬም ልዘገይበት የምፈልገው በዚህ ላይ ነው። አሉሚንየም በሙቀት የሚሰፋው ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት አሉሚንየም በሚሊዮን 23 እጅ፣ ብረት 12 እጅ፣ እስቴንለስ 16 ወይም 17 እጅ ይሰፋል። ስለዚህ አካሉን በ150 ዲግሪ ብናሞቀው፣ 8 ሚሊ ሜትር የነበረው ጉድጓድ ከብሎኑ ይልቅ በ13 ሺህኛ ሚሊ ሜትር ይበልጥ ይከፈታል፤ ይህም ከአንድ ጠጉር ውፍረት አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ሽብልቁ የገባው በዚያው በትንሹ ቦታ ነውና፣ ያች ትንሽ ክፍተት ለእርሱ የእስር ቤት በር ናት። ለእስቴንለስ ግን ልዩነቱ ከሲሶ በላይ ስለሚያንስ፣ የእኅቴን ልጅ፣ «አንተ ከእኔ ይልቅ አብዝተህ ትጠብቃለህ» ያልሁት ለዚህ ነው።

ነገር ግን አሉሚንየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ብረት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይነጣል፤ አሉሚንየም ግን በ660 ዲግሪ እስኪቀልጥ ድረስ መልኩን ሳይለውጥ ቆይቶ ድንገት እንደ ቅቤ ይፈስሳል፤ ከ200 ዲግሪ ሲያልፍም ቅይጡ ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል። ታዲያ መለኪያ የሌለው መካኒክ መጠኑን በምን ይወቅ? መምህሩ ከእናቱ ጓዳ አለለት። እናቶቻችን ምጣዱን ጥደው በጎመን ዘር ካሰሱት በኋላ ውሃ ጠብ አድርገው «ምጣዱ ሰማ» ሲሉ ሰምታችኋል፤ ምጣድ መስማቱ ምን ያህል ጥልቅ ቃል ነው! በአሉሚንየሙ ላይ ጠብ ያደረግኸው ውሃ ተንተክትኮ ወዲያው ከደረቀ ሰምቷል፤ ጠብታው ክብ ሆኖ እየዘለለ የሚሮጥ ከሆነ ግን ከልክ አልፏልና እሳቱን አርቅ። እሳት የሚፈራ ሰው ደግሞ ክፍሉን አውልቆ በፈላ ውሃ ውስጥ ይንከረው፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከዚያም አልፎ አይሞቅምና አካሉን ሊያበላሽ አይችልም። ለቀላል ንክሻ ይበቃል። በእሳት ለሚያሞቅ ግን ማስጠንቀቂያዬ አንድ ነው፤ ዘይቱንና ነጭ ጋዙን አስቀድማችሁ በሳሙና እጠቡ፣ ክፍሉንም ከሞተሩ አውልቃችሁ ወደ ሜዳ አውጡት። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳልና በጀልባ ሆድ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ያንን ሳያስብ እሳት ያቀረበ ሰው ብሎኑን ሳይፈታ ራሱን ይፈታል።

አካሉ ከሰማ በኋላ ቁልፉን ስታስገቡ፣ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ወገን ጥቂት ሞክሩት። ይህ ለሰሚው እንግዳ ነገር ነው፤ ነገር ግን ብሎኑ የጠጉር ያህል ወደ ፊት ቢሄድ የተጠቀጠቀው ዱቄት ይሰነጠቃል። ከዚያ ወደ ኋላ ሩብ ዙር፣ እንደ ገና ወደ ፊት፣ ዘይት ጠብ፤ እንደ ገና ወደ ኋላ። የተንጫጫ እንደ ሆነ ቁሙ። ጭጭ ብሎ ከዞረ መልካም ነው።

ከዚህ ሳልሻገር፣ እኛ በጋራዥ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ ስንል፣ ልሳነ ግዕዝ የምታውቁ አባቶች ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ። እነዚህ ቃሎች ከኢጣልያ ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ የጠላት ጦር በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ማብቂያ ይህችን ከተማ ለቅቆ ሲወጣ፣ በጎጃም አርበኞች እየተገፋ መድፉንና ባንዲራውን ይዞ ሄደ፤ ካቻቪቴው ግን ቀረ። አንዳንድ ሰዎች ለእነዚህ ሁሉ አዲስ የግዕዝ ስም እናውጣ ሲሉ እሰማለሁ፤ ስሙ ቢወጣ አልጠላም፤ ይሁን እንጂ በእጅ ላይ ሲሠራ የኖረ ቃል እንጀራውን በላቡ የበላ ነውና ከቤት ለማስወጣት አልቸኩልም።

ወደ ብሎኑ ስንመለስ፣ ዘይቱም እሳቱም ሁሉ ተደርጎ ቢሰበርስ? ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጉማጁ ከወለሉ በላይ ብቅ ብሏል ወይስ ከወለሉ ጋር ተስተካክሏል የሚለው ነው። ብቅ ካለ በሊማ፣ በሞረድ ማለት ነው፣ ሁለት ወገኑን አስተካክሎ ቁልፍ የሚይዘው ገጽ ማውጣት ይቻላል። በጣም አጭር ከሆነ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥበብ በላዩ ዳዶ አስቀምጦ በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ መበየድ ነው። የብረት ብየዳ ከአሉሚንየም ጋር አይዋሐድም፤ ስለዚህ ብየዳው የሚይዘው ጉማጁንና ዳዶውን ብቻ ነው። ሌላም በረከት አለው፤ ጉማጁ በብየዳው እሳት በድንገት ሲግል ይሰፋና ዱቄቱን ይጨፈልቀዋል፣ ሲበርድ ደግሞ ይሸበሸብና ከግድግዳው ይላቀቃል። እስኪበርድ ጥቂት ጠብቆ፣ ዘይት አጠጥቶ፣ ወዲህና ወዲያ እያሉ ማውጣት ነው። የእኅቴ ልጅ የቸገረው እንዲህ ያለው ነበር፤ ባትሪውን አላቅቆ፣ ክፍሉን አውልቆ፣ ዳዶውን ሁለት ጊዜ በይዶ ሁለት ጊዜ ተነቀለበት፤ በሦስተኛው ጊዜ በአራተኛው ቀን፣ ዳግመኛ ዶሮ ሳይጮኽ ደውሎ ምንም ሳይናገር ስልኩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቶ ብሎኑን ጣል ሲያደርገው ድምፁን ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ አልተቆጣሁም።

ጉማጁ ከወለሉ በታች ከሆነ ግን ትራፓኖ ከማንሣት በቀር መንገድ የለም፤ ይህም መንገድ ገደል አለው። ብረቱ ጠንካራ፣ በዙሪያው ያለው አሉሚንየም ለስላሳ ስለ ሆነ፣ መብሻው ፑንታ እንደ ሰነፍ ተማሪ ከከባዱ ይሸሽና ወደ ቀላሉ ያዘነብላል። የራሴን ኀጢአት ልናዘዝ፤ በወጣትነቴ አንድ የጭነት መኪና ከዓባይ በረሃ ወጥቶ በደረሰ ማግስት፣ የቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ ማለቴ ነው፣ ስባሪ ብሎን መሐሉን ሳልለይ፣ ነጥብ ሳልመታ፣ በእጅ ትራፓኖ ስበሳ፣ ፑንታው አዘንብሎ የውሃውን መተላለፊያ ቀደደው። ባለ መኪናው አዛውንት ነበሩ፤ አልተሳደቡም፤ በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠው ዝም ብለው አዩኝ። ስድብ ቢሆን እስከ ዛሬ በረሳሁት ነበር። ከዚያ ወዲህ የስባሪውን ገጽ በሊማ ሳላስተካክል፣ መሐሉን በነጥብ መምቻ ሳልመታ፣ ከቶርኖ ቤት በልኩ የተቦረቦረ ቀለበት ለፑንታው መሪ አድርጌ ሳላስገባ፣ መጀመሪያም በቀጭኑ ሳልበሳ ትራፓኖ አንሥቼ አላውቅም። ወደ ግራ የሚበሳ ፑንታ የሚያገኝ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ሲበሳ ሳለ ጉማጁን ራሱ ይዞት የሚወጣበት ጊዜ አለና።

በተበሳው ቀዳዳ ገብቶ ብሎን የሚያወጣውን ባለ ግራ ጥርስ መሣሪያ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኔ እምብዛም አልወደውም። የነከሰው ብሎን ራሱ ያልቻለውን ኃይል ከብሎኑ የቀጠነ መሣሪያ ይችለዋል ማለት ዘበት ነው፤ መሣሪያውም እጅግ የጠነከረ ብረት ስለ ሆነ ተሰብሮ ከቀረ ፑንታ አይበሳውም። ሁሉ ያልሆነ እንደ ሆነ፣ ብሎኑን እስከ ጥርሱ ሥር ቦርቡሮ የቀረውን እንደ ሽቦ ለቅሞ ማውጣት፣ ጥርሱም ከተበላ ጉድጓዱን አስፍቶ በጥርስ ማውጫ አዲስ ጥርስ አውጥቶ፣ ሄሊኮይል የሚባለውን የእስቴንለስ ጥምዝ ሽቦ ወይም በቶርኖ የተሠራ ቀለበት ማስገባት ነው። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ በሚገባ የተሠራ እንደ ሆነ ከፊተኛው የአሉሚንየም ጥርስ ይጠነክራል።

እዚህ ላይ ከልቤ ያለውን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በሀገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ማረሻውንና ማጭዱን እየተቀበልን ስሙን ግን ስናጎድፍ ኖረናል፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ሐሜቱ ግን እስከ ዛሬ በየመንደሩ ይንሾካሾካል። ይህ ደግሞ በሌላ አገር ሳይሆን በጎንጅና በዋሸራ፣ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ኤልያስ የቅኔ ማዕድ በተዘረጋበት በጎጃም ሲሆን ያስገርማል፤ ቅኔያችን ከፍ ያለውን ጥበቡን «ሰምና ወርቅ» ብሎ የሰየመው ከማን ወስዶ ነው? ሰሙን ቀርጾ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ በእሳት አቅልጦ አውጥቶ፣ በባዶው ሥፍራ ወርቅ ከሚያፈስሰው ከአንጥረኛው አይደለምን? መሪጌታው ከአንጥረኛው ቃል ተበደረ፤ ዕዳውን ግን እስከ ዛሬ የከፈለለት የለም።

ወደ ብሎኑ ልመለስና፣ ስለ ጥንቃቄ የምጨምረው ጥቂት ነው። ብሎን ወደ አሉሚንየም ሲመለስ ደረቁን አይመለስ፤ ጥርሱ ተጠርጎ ውሃ የማያጥበው ግራሶ ይቀባ። መዳብ የተቀላቀለበት ቅባት ግን በውሃ ዳር ለሚሠራ አሉሚንየም አልመርጥም፤ መዳብም ሌላ ባዕድ ማዕድን ነውና። በዓመት አንድ ጊዜ፣ የዚህ አገር ክረምት ሲወጣ፣ በመስከረም፣ ያልተበላሸውን ብሎን ሁሉ ፈትቶ፣ ቀብቶ፣ በልኩ መልሶ ማሰር ነው። ያልታመመውን ለምን ትነካካለህ የሚሉኝ አሉ፤ ገበሬውም ማረሻውን የሚያስስለው እርሻው ሳይደርስ ነው። በጨው ውሃ የሚሠራ ደግሞ፣ እንደ እኅቴ ልጅ፣ ከባሕር በወጣ ቁጥር በጣፋጭ ውሃ ያጥበው።

እንግዲህ ቃሌ ካለቀ በኋላ ብዙ እንዳላስቀምጣችሁ ወደ ጨሞጋው ሞተር እንሂድ። ነጭ ጋዙን ዛሬ ጧት በሳሙና አጥቤዋለሁ፤ የጉማጁንም ሁለት ወገን በሊማ ስላስተካከልሁት ትንሽ ቁልፍ ይይዘዋል። ከአዳራሹ በስተጓሮ ከሰል ተያይዟል፣ ምጣድም ተጥዷል፤ አካሉ በምጣዱ ላይ ሆኖ እስኪሰማ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ውሃ ጠብ የምታደርገውን እኅታችንን ከወጥ ቤቱ ጠርተናታል፤ እርስዋ ሰማ ካላለች በቀር ማንም እንዳይነካው። ከወጣቶቹ አንዱ ቁልፉን ይያዝልኝ፤ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ወገን። በኋለኛው ረድፍ የተቀመጥኸው ወንድሜ ግን ሙያህ ቢሆንም፣ ከእግርህ ሥር ያለውን ቱቦ እዚያው ተወው።